አክሲዮንና አብራሪ፤ ከቆቦ ሜዳ ሲታይ

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አሥር በመቶ ድርሻውን በቴሌብር መሸጥ ሲጀምር፣ ቆቦ ውስጥ ስለ አክሲዮን አውርተው የማያውቁ ሰዎች አፋቸውን ፈቱ። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ማሽላና ጤፍ እየሰበሰበ ወደ አዲስ አበባ የሚጭን ጎረቤቴ ስልኩን ይዞ ቤቴ መጣና፣ «መምህር፣ የአየር መንገዱስ መቼ ነው? እሱ ከሆነ የመጋዘኔን ግማሽ ሸጬም ቢሆን እገባለሁ» አለኝ።

እኔ በዚህች ከተማ ታሪክ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የአክሲዮን ዋጋ መተንበይ ሙያዬ አይደለም። ይሁንና ጥያቄው ከልቤ አልወጣም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ምን ያህል ያወጣል ለሚል ሰው የምሰጠው መልስ ከአውሮፕላን ቁጥር አይጀምርም። ከአብራሪዎቹ ይጀምራል። ይህን ለማስረዳት ደግሞ ቆቦ ካለችበት ከራያ ቆላ ሰማይ መነሳት አለብኝ።

ኢትዮጵያ ምድር ላይ የመጀመሪያው አውሮፕላን ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ያበረረው ፖቴዝ 25። ዓመት እንኳን ሳይሞላ ያ አዲስ ነገር ለጦርነት ዋለ፤ ምክንያቱም በከፊል እኛው ነን። ራያና አዘቦ ዐምፀው ስለነበር የቤጌምድሩ ራስ ጉግሣ ወሌ ሄደው እንዲያስታግሡ ታዘዙ። ራስ ጉግሣ ግን ነገሩን ወደ ራሳቸው ዐመፅ አዞሩት። የንጉሥ ተፈሪ አውሮፕላኖች በራስ ጉግሣ ሠራዊት ላይ መጀመሪያ አዋጅ የታተመበት ወረቀት በተኑ፣ ቀጥሎም ቦምብ ጣሉ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ አንቺም ሜዳ ላይ ወደቁ። ልክ በስድስት ዓመቱ፣ በዚያው መጋቢት 22፣ ማይጨው ሆነ። በዚህ ጊዜ አውሮፕላኑ የጣሊያን ነበር፤ የጣለውም መርዝ። የሚያፈገፍገው ሠራዊት በአሸንጌ ሐይቅ ዳር፣ ከዚያም በቆረም በኩል ከላይ በቦምብ፣ ከጎን ደግሞ ጣሊያን ገንዘብና መሣሪያ በሰጣቸው የኛው አገር ሰዎች ተመታ። ይህን ክፍል ሳስተምር ሁልጊዜ ክፍሉ ዝም ይላል። አያቶቻቸው ከሁለቱም ወገን ነበሩና።

ቆረም ከዚህ ወደ ሰሜን፣ ከቆላው በላይ ከተራራው አናት ላይ ናት። በዚያ መጋቢት ውስጥ፣ ከማይጨው ቀናት ቀደም ብሎ፣ ቆረም ላይ አንድ የቀይ መስቀል አውሮፕላን በጣሊያን ቦምብ ተቃጠለ። የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ሐኪሞችም እዚያው አካባቢ በቦምብ ተደብድበዋል። በዚያ ወራት ለቀይ መስቀል ሲበርሩ ከነበሩት አንዱ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የተባለ የስዊድን መኳንንት ልጅ ነበር፤ የሂትለር ቀኝ እጅ የነበረው ጎሪንግ የአክስቱ ባል ነበር። አንድ ወጣት አብራሪ በዘመኑ ብዙ መንገድ ነበረው፦ በአውሮፓ አየር መንገዶች መቀጠር፣ በአክስቱ ባል በኩል በርሊን ላይ መሾም። ሮዘን የመረጠው ግን መንገደኛ በማይከፍልበት አውሮፕላን ቁስለኛ መጫን ነበር። ከነጻነት በኋላ ተመልሶ መጣና ቢሾፍቱ ላይ ከስዊድን መምህራን ጋር የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል አቋቋመ፤ እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ድረስም መራው። በ1974 እ.ኤ.አ. በድርቁ ጊዜ በትንንሽ አውሮፕላን እህል ከሰማይ ሊያወርድ መጣ። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጎዴ ላይ ተገደለ። ስለ አብራሪ የሥራ ምርጫ የሚጠይቁኝን ተማሪዎች ከማንም በፊት የማስታውሳቸው የእሱን ሕይወት ነው፤ ምክንያቱም አየር ኃይሉ በኋላ ለአየር መንገዱ ኢትዮጵያዊ አብራሪ የሚቀዳበት ምንጭ ሆኗል።

አየር መንገዱ ራሱ የተወለደው በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ነው። ጎረቤቴን ያስገረመው ነገር ይኸኛው ነው፦ ገና ሲቋቋም አክሲዮን ነበረው። መነሻ ገንዘቡ 2.5 ሚሊዮን ብር በ25,000 አክሲዮን ተከፍሎ ሙሉ በሙሉ በመንግሥት እጅ ተቀመጠ። ንጉሡ ከእንግሊዝ ጥላ ለመውጣት ይፈልጉ ስለነበር ወደ አሜሪካ ዞሩ። ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው ኩባንያ ጋር በተደረገው ስምምነት ባለቤቱ ኢትዮጵያ፣ አስተዳዳሪው አሜሪካዊ ሆነ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. አንድ ዳግላስ ሲ-47 ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአስመራ በኩል ካይሮ ገባ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ አምስት ዳግላሶች፣ በግራና በቀኝ ግድግዳቸው ላይ የሚታጠፍ አግዳሚ ወንበር፣ መሐል ላይ የተቆለለ ጭነት። ዋና ሥራ አስኪያጁም፣ አብራሪውም፣ መካኒኩም የውጭ ሰው ነበር።

ለዚህ ኩባንያ ያን ጊዜ ዋጋ ያወጣለት ሰው ቢኖር ምን ይጽፍ ነበር? አገሩ ተራራማ፣ መንገዱ ጥቂት፣ መንገደኛው ድሃ። የአውሮፕላን ማረፊያው ሣር፣ በክረምት ጭቃ። ለትርፍ የሚገዛ ሰው እጁን የሚሰበስብበት ነገር ሁሉ ነበር። ተራራው ግን ገበያውን ፈጠረለት፤ በበቅሎ ሳምንት የሚፈጀውን መንገድ ዳግላሱ በሰዓት ይጨርሰዋል። ከወልድያ እስከ ላሊበላ ያለውን አቀበት በእግሩ የወጣ ሰው ይህን ይመሰክራል። ጫት ወደ ጅቡቲና ወደ ኤደን፣ ሐጅ ተጓዡ ወደ ጅዳ፣ የመንግሥት ሹሙ ወደ ጠቅላይ ግዛቱ።

የኩባንያውን ዕጣ የቀየረው ውሳኔ ግን ከጭነቱ አይደለም። ስምምነቱ ሲታደስ ኢትዮጵያ ደጋግማ ያነሳችው አንድ ነገር ነበር፦ የኛ ልጆች ይሠልጥኑ። በ1957 እ.ኤ.አ. ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የንግድ በረራ ካፒቴን ሆነ። በ1964 እ.ኤ.አ. የአብራሪዎች ማሠልጠኛ ተከፈተ። በዚያው ሰሞን፣ በ1965 እ.ኤ.አ.፣ ድርጅቱ በሕግ ወደ አክሲዮን ማኅበርነት ተለወጠ። በ1971 እ.ኤ.አ. ከአየር ኃይል የመጡት ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ቲ.ደብሊው.ኤ. በ1975 እ.ኤ.አ. ውሉ አብቅቶ ሲወጣ የሚያበር ሰው አልጠፋም። ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ከነጻነታቸው ጋር ያቋቋሟቸው አየር መንገዶች በየተራ ሲዘጉ የኛው ጸንቶ የቆመበትን ምክንያት ብዙዎች ከአመራር ያያይዙታል፤ እኔ ከዚያ ትምህርት ቤት አያይዘዋለሁ። አውሮፕላን በብድር ይገዛል፤ ካፒቴን ግን በገዛ ቤትህ ካላሳደግኸው ዕድሜ ልክህን በዶላር ትከራየዋለህ።

በደርግ ዘመን መጀመሪያ ድርጅቱ በኪሳራ አፋፍ ላይ ደርሶ ነበር። በ1980 እ.ኤ.አ. ካፒቴን መሐመድ አህመድ ተሹመው ከፖለቲካው ገመድ ትንሽ አላቀቁት። ሶሻሊስት ነኝ የሚል መንግሥት ከአሜሪካ ቦይንግ መግዛቱን ቀጠለ፤ በ1984 እ.ኤ.አ. የመጣው 767 ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ሳያርፍ ገባ፤ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ።

ያ ዓመት ለኛ ሌላ ስም አለው። ሰባ ሰባት እንለዋለን። ጥቅምት 1977 ዓ.ም. ማይክል ቡርክና መሐመድ አሚን ከቆረም ያነሱት ምስል ዓለምን ሲያስደነግጥ እኔ ጀማሪ መምህር ነበርኩ፤ ከክፍሌ ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር። ቆቦ ራሷ መጠለያ ሆናለች። ትንንሽ የእርዳታ አውሮፕላኖች ወደ አላማጣ ይመላለሱ ነበር፤ የተራበው ሕዝብ ድምፃቸውን ሲሰማ በደመ ነፍስ ይበተናል፣ ሚግ መስሎት። ከወሎና ከትግራይ በሠፈራ ዘመቻ አንቶኖቭ ላይ ታጭቀው ወደ ደቡብ ምዕራብ የተወሰዱ አሉ፤ በዕድሜያቸው የተሳፈሩበት ብቸኛ አውሮፕላን እሱ ነው።

ስለዚህ በዚህ ቆላ «አብራሪ መሆን እፈልጋለሁ» የሚል ልጅ ለረጅም ጊዜ አልነበረም። አውሮፕላን የሚመጣው ሊያጠቃ ወይም ሊያበላ ነው፤ ሥራ ነው ብሎ ያሰበው ማን ነው? በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ነው መጀመሪያ አንድ ተማሪዬ ይህን አፍ አውጥቶ የተናገረው። የማሽላ ገበሬ ልጅ ነው፤ ጎፈሬው ላይ ሚዶ የሰካ፣ ፊዚክስ የሚወድ፣ ክረምት ላይ ከሆርማት ወንዝ ጎርፍ እየጠለፈ ከአባቱ ጋር እርሻ የሚያጠጣ። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ በሥራ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ተፈተነ፣ የሕክምና ምርመራውን አለፈ፣ ለዓመታት ለማገልገል ውል ፈርሞ አካዳሚ ገባ። ሥልጠናውን ድርጅቱ ይከፍላል፤ ልጁ በአገልግሎት ይመልሳል። ይህ ውል ባይኖር ኖሮ የቆቦ ገበሬ ልጅ ኮክፒት ውስጥ አይገባም ነበር፤ በብዙ አገር የአብራሪነት ሥልጠና ባለ ሀብት ወላጅ ለልጁ የሚገዛው ነገር ነውና። መጀመሪያ የበረረው ኪው 400 አውሮፕላን ላይ ነው፤ በኛው አናት ላይ እያለፈ ወደ መቀሌ። በኋላ ወደ ቦይንግ 737፣ ከዚያም ረዳት አብራሪ ሆኖ ወደ 787 አደገ።

የውሉ ዘመን ሲያልቅ ከባሕረ ሰላጤው አንድ አየር መንገድ ጠራው። በሶለል ሰሞን፣ ልጃገረዶች በየደጁ እየዘፈኑ ሳለ፣ አማክረኝ ብሎ ቤቴ መጣ። ደመወዙን ሲነግረኝ መልስ አልነበረኝም። ቤት ይሰጣሉ፣ የልጆች ትምህርት ይከፍላሉ፣ ግብር የለም። «እዚያ ሄጄ ግን ከዜሮ እጀምራለሁ፣ ጋሼ» አለኝ። አብራሪዎች ተራቸው የሚቆጠረው በድርጅቱ ውስጥ ባለ ቀደምትነት ነው፤ ድርጅት የቀየረ ሰው ምንም ያህል ሰዓት ቢበር ከሰልፉ ጀርባ ይቆማል። እዚህ ቢቆይ ካፒቴን ለመሆን የቀረው ጥቂት ነው፤ እዚያ ቢሄድ በገንዘብ ይበልጣል፣ በማዕረግ ይዘገያል። ሌላም ነገር አነሳ። እዚህ ድርጅቱ በፍጥነት ስለሚያድግ ወጣት ቶሎ ካፒቴን ይሆናል፤ ድርጅቱ አክሲዮን ሸጦ ባለቤቶቹ ወጪ ቆጣቢ ቢሆኑ ግን ዕድገቱ እንደሚቀጥል ማን ያረጋግጣል? ወሬው ያን ጊዜ ትኩስ ነበር፤ ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ የአየር መንገዱንም ድርሻ በከፊል ለግል ባለ ሀብት እንደሚሸጥ አስታውቆ ነበርና።

ሳናወራው ያላለፍነው ሌላ ጉዳይ ነበር። የመንደሩ እኩዮቹ ባሕረ ሰላጤውን ያውቁታል፤ በእግር። የአፋርን በረሃ አቋርጠው፣ ከጅቡቲዋ ኦቦክ በጀልባ የመን ገብተው፣ በሳዑዲ ድንበር ተኩስ ውስጥ አልፈው። ኅዳር 2006 ዓ.ም. ላይ ሳዑዲ ሠራተኛ ማባረር ስትጀምር በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ፤ ከነሱ ውስጥ የራያ ልጅ ብዙ ነው። ለአብዛኞቹ የመጀመሪያ በረራቸው ያ ነበር፤ ባዶ እጅ፣ ፌስታል ይዞ፣ በአገራቸው አየር መንገድ። ያው ባሕረ ሰላጤ አንዱን የቆቦ ልጅ ከነቤተሰቡ ቤት ሰጥቶ ይጠራል፣ ሌላውን ያባርራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አገር ያስተማረው ሙያ ነው። ይህን ያልኩት እንዲቀር ለመገፋፋት አልነበረም። የሚሄድ አብራሪ ከዳተኛ ነው የሚለውን ሰው ፊት ለፊት እከራከረዋለሁ፤ ውሉን ፈጽሟል፣ ዕዳ የለበትም፣ ወላጅም ይጦራል።

ተማሪዬ ቀረ። ከእሱ በኋላ የገባ ሌላ ልጃችን ሄደ፤ ከዚያው ሆኖ የታናሾቹን ትምህርት እየከፈለ ነው። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በረራ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ፤ 157 ሰው። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው 29 ዓመቱ ነበር። ረዳቱ አህመድኑር መሐመድ ከእሱም ያንስ ነበር። በውጭ አገር አንዳንዶች ጣታቸውን ወዲያው ወደ ልጆቹ ሥልጠና ቀሰሩ። ከዚያ የአውሮፕላኑ ኤም.ካስ የተባለው ሥርዓት ጉድለት ተገለጠ፤ የዓለም 737 ማክስ ሁሉ ከበረራ ታገደ። ተማሪዬ በዚያ ሳምንት ስልክ አልመለሰልኝም። ሲመልስ ያለኝ አንድ ነገር ነው፦ «ሥልጠናችንን ሲሳደቡ እኔንም አባቴንም የሰደቡ መሰለኝ።» በ1996 እ.ኤ.አ. ለሦስተኛ ጊዜ ተጠልፎ፣ ነዳጅ አልቆበት ኮሞሮስ ባሕር ላይ አውሮፕላኑን አሳርፎ ሃምሳ ሰው ያተረፈው ካፒቴን ልዑል አባተም የዚያው ቤት ሰው ነው።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሰማዩን ሲዘጋ ስንት ታላላቅ አየር መንገዶች ከመንግሥታቸው ቢሊዮኖች ተቀበሉ። የኛው የመንገደኛ ወንበር አውጥቶ ዕቃ ጫነ፣ በጭነት ገቢ ከችግሩ ወጣ። አብራሪዎቹን ይዞ ስለቆየ ሰማዩ ሲከፈት ከብዙዎች ቀድሞ ተነሳ። የአየር መንገዱን ድርሻ የመሸጥ ሐሳብም ቆመ፤ በ2014 ዓ.ም. ድርጅቱ በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ገባ። በ2016 በጀት ዓመት ገቢው ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ በዚያን ጊዜው ምንዛሪ 402 ቢሊዮን ብር። ወዲያው ሐምሌ ላይ ብር በገበያ እንዲመራ ተለቀቀ፤ ያው ዶላር በብር ሲቆጠር ብዙም ሳይቆይ እጥፍ ገደማ ሆነ። በ2017 በጀት ዓመት ገቢው 7.6 ቢሊዮን ዶላር፣ መንገደኛው 19 ሚሊዮን ደረሰ። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ሲጀምር የጎረቤቴ ዓይነት ጥያቄ ከየአቅጣጫው ተነሳ።

መልካም ቁጥር ነው። ግን ገቢ ትርፍ አይደለም፤ ትርፍም ነጻ ገንዘብ አይደለም። በቢሾፍቱ የሚሠራው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ በቢሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ዕዳ ያመጣል። በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ዱባይ ላይ የታዘዙት 11 ድሪምላይነር፣ 20 ማክስ፣ 11 ኤርባስ 350 እያንዳንዳቸው ዋጋ አላቸው። እያንዳንዱ አዲስ አውሮፕላን ደግሞ በፈረቃ የሚያበሩት ብዙ ካፒቴንና ረዳት ይፈልጋል። እነሱን ከገበያ ገዝቶ አይዘለቅም። አሁን ባሕረ ሰላጤው፣ ነገ ሕንድ፣ ካፒቴን የሚፈልግ ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ያያል። የኢትዮ ቴሌኮም ሽያጭም ያስተማረን አለ፤ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ነው፣ የገዛውም 47,377 ሰው። ሕዝቡ ከስም በላይ ማወቅ ይፈልጋል።

አንድ ቀን የአየር መንገዱ የሽያጭ ሰነድ ከወጣ እኔ የማነበው ገጽ ይህ ነው፦ ባለፉት አሥር ዓመታት ስንት አብራሪ በቤት ውስጥ ሠለጠነ፣ ውሉን ጨርሶ ስንቱ ሄደ፣ የሄደው ለምን ሄደ፣ የቀረው ምን ተጨመረለት። አንድ ረዳት አብራሪ እስከ ካፒቴንነት ስንት ዓመት ይጠብቃል፣ ስንት ብር ይፈጃል፣ ወጪው በማን ትከሻ ላይ ነው። አዲሱ ባለ አክሲዮን ሥልጠናውን ወጪ ብሎ ቆርጦ «ሠልጣኙ ራሱ ይክፈል» ማለት ይችላል ወይስ በደንቡ ተከልክሏል? ይህ ካልተጻፈ የማሽላ ገበሬ ልጅ የሚገባበት በር በአንድ የቦርድ ስብሰባ ይዘጋል፤ ከዓመታት በኋላ ድርጅቱ ራሱ ካፒቴን ተከራይ ይሆናል፣ እንደ 1938ቱ።

ሁለተኛው ገጽ የአገር ውስጥ በረራ ነው። ለኛ ለሰሜን ወሎ ሰዎች ቅርባችን ላሊበላና ኮምቦልቻ ናቸው። በሰሜኑ ጦርነት የላሊበላው አውሮፕላን ማረፊያ ተጎድቶ በረራው ሲቋረጥ አስጎብኚው፣ ሆቴሉ፣ በቅሎ አከራዩ ሁሉ ተዘግቶበት ነበር። መንግሥት ባለቤት ሲሆን መንገደኛ ያነሰበት መስመር ለአገር ጥቅም ተብሎ ይቀጥላል፤ የትርፍ ድርሻ የሚጠብቅ ባለ አክሲዮን ሲገባ ማን ያስቀጥለዋል? በሰነዱ ውስጥ የትኞቹ መስመሮች ግዴታ እንደሆኑ፣ ክፍተቱንም ማን እንደሚሸፍን በስም መጻፍ አለበት። የትንሹ ግዢ መጠንም አንድ የቆቦ ገበሬ ከጤፉ ሽያጭ አውጥቶ ሊከፍለው የሚችል ይሁን፤ 25,000ው አክሲዮን በመንግሥት እጅ ሲቀመጥ በእሱም ስም ነበር የተቀመጠው።